እስከ አርብ ጠብቂ

አፌ እንደሚቀድመኝ ጅግጅጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከታይዋን ገበያ ጀርባ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋው እናትአለም ማለት እኔ ነኝ። ሱሪዬን አሳጠርሽብኝ ብሎ የመጣን ሰው፣ «አንተ ነህ የረዘምከው» ብዬ የመለስኩ ሴት ነኝ። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። በ2004 ታኅሣሥ ግን ይኸው አፌ ልጄን ከሰው ቤት አስወጥቶ ሜዳ ላይ ጣላት። ከዚያ ወዲህ እንኳን ልስቅ፣ ሰው ሲስቅ ሳይ ያናድደኛል።

ልጄ ረድኤት ናት፤ ረዲ ነው የምንላት። ሌላ ልጅ የለኝም። ያኔ ባሕሬን ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ማናማ ከተማ፣ ጁፈይር የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ትጦራለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ እጃቸውን ይዛ ግቢ ውስጥ ታንሸራሽራቸዋለች። ከረዲ እጅ ካልሆነ አልበላም ይላሉ አሉ። ማዳሟ የአሮጊቷ ልጅ ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ስልክ ትፈቅድላታለች። ፓስፖርቷን ግን እንደ ሌሎቹ አሠሪዎች ሁሉ ቆልፋበታለች።

ጁፈይር ምን ዓይነት ሰፈር እንደሆነ የነገሩኝ አዴር ጌዲ ናቸው። አዴር በሶማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ ሥጋዬ ባይሆኑም አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የጠራኋቸው። የኤረር ሰው ናቸው፣ የበግ ደላላ። ከደገሀቡር የሚመጣውን በግ በበርበራ በኩል ወደ ዓረብ አገር ከሚጭኑ ነጋዴዎች ጋር ያገናኛሉ። ከሰዓት በኋላ እኩዮቻቸው ጫት ላይ ሲሰየሙ እሳቸው እኔ በር ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ጥርስ የላቸውም። «ጫቱ ነው የተወኝ፣ እኔ አልተውኩትም» ይላሉ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ምሳ ቤት ቀኑን ሙሉ የዓረብ ቴሌቪዥን ይከፍታል። አዴር ጌዲ ዓረብኛ ከበግ ነጋዴዎች ጋር ሲከራከሩ የተማሩት ነው፤ ከበርጩማቸው ሆነው እየሰሙ ይነግሩኛል። አንድ ቀን መርከቦች ታዩ፤ ግራጫ፣ እያንዳንዷ ሰፈር የምታክል። ኢራን የባሕሩን በር እዘጋዋለሁ ማለቷን፣ አሜሪካ ደግሞ ሞክሪና እናያለን ማለቷን ተረጎሙልኝ። ሆርሙዝ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ የዓለም ነዳጅ በዚያ ነው የሚያልፈው።

«በጋችንም በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ግማሹ ዱባይ ነው የሚበላው» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «አባዮ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «ልጅሽ ያለችው ጁፈይር ነው አላልሽኝም?»

«አዎ፤ ምነው?»

«የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰፈረው እኮ እዚያ ነው።»

ስሰፋው የነበረውን ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁት። ሳላውቀው አራት ሸሚዝ በተገለበጠ ኮሌታ ጨርሼ ነበር። ኢራን ከባሕሩ ማዶ ናት፤ አሜሪካን መምታት ብትፈልግ አሜሪካ ድረስ ምን ያደክማታል? ጎረቤት ያለውን የጦር ሰፈር ትመታለች። ልጄ ደግሞ የዚያ ሰፈር አጥር ሥር ናት። ይህን ለማወቅ ጄኔራል መሆን አያስፈልግም።

ሌላ ሰው ቢሆን ላይፈራ ይችላል። እኔ ግን የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። በ1970 መስከረም የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከግንባር «ትእዛዝ እስኪመጣ ከቤት እንዳትወጡ» ብሎ ላከብን። ጎረቤቶቻችን መድፉ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ነው ጓዛቸውን ጥለው ወደ ሐረር የነጎዱት። እናቴ ትእዛዝ ጠበቀች። ትእዛዝ ሳይሆን መድፍ መጣ። በካራማራ በኩል በእግር ስንሸሽ የሁለት ዓመት ወንድሜ እናቴ ጀርባ ላይ ነበር። ማዶ ደርሳ ስታወርደው ሞቷል። ቀድመው የወጡት ጎረቤቶቻችን ልጆች ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አንደኛው ሐረር ዳቦ ቤት አለው። እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ጦርነት ከመረረ በኋላ የሚወጣ ሰው ሬሳ ተሸክሞ ነው የሚወጣው።

ይህንን ለአዴር ጌዲ ነገርኳቸው። ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ።

«እኔም በ70 ሸሽቻለሁ» አሉኝ። «እናንተ በመስከረም ወደ ሐረር፣ እኛ ሶማሌዎቹ የዚያድ ባሬ ጦር ሲሸነፍ በመጋቢት ወደ ድንበሩ። መሸሽ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ሰሀን ሳይላክ ቤት አይነቀልም።»

«ሰሀንማ እኛ ጋ ወጥ ይወጣበታል» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ አስረዱኝ። ዘላን ከሰፈረበት ተነሥቶ ከመጓዙ በፊት አንድ ጎበዝ ቀድሞ ይልካል። ሣር አለ ወይ? ውኃ አለ ወይ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ልጁ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። እሱ ሳይመለስ ወሬ ሰምቶ ቤቱን የነቀለ ሰው ግልገሎቹን መንገድ ላይ ይቀብራል። የሚላከው ሰው ነው ሰሀን የሚባለው።

«እና ባሕሬን ማንን ልልክ ነው? እርስዎን?»

«የእህቴ ልጅ ቢሌ እዚያ ሹፌር ነው። በቦቴ ውኃ ያከፋፍላል። ሐሙስ ሐሙስ ጁፈይር ይገባል፤ አርብ እረፍቱ ነው፣ ይደውልልኛል። አንድ ነገር ብቻ አይተህ ንገረኝ እለዋለሁ፤ አሜሪካኖቹ ሚስትና ልጆቻቸውን አሽሽተዋል ወይ? ሰው ከብቱን ሳያሸሽ አይዋጋም፣ ወላሂ። ልጆቹ እዚያው ካሉ ጦርነት የለም። ከሄዱ ግን ልጅሽን በዚያው ሰዓት እናስወጣታለን፤ ቢሌ ራሱ በመኪናው ወደ ሌላ ሰፈር ይወስዳታል። እስከ አርብ ጠብቂ።»

እሺ አልኳቸው። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት፣ እግዜር ያውቃል። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ከሰኞ እስከ አርብ ስንት ቀን ነው? ሕፃን ይቆጥረዋል። እኔ ግን ማክሰኞን መሻገር አቃተኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሬዲዮ ከፍቼ ቁልፍ እተክላለሁ። አዴር ጌዲ በግ ሊያዋውሉ ሄደው አልነበሩም። ዜናው መጣ። የአሜሪካ የጦር አውሮፕላን የምትሸከም መርከብ ከባሕረ ሰላጤው ወጥታለች፤ ኢራን ደግሞ ተመልሳ እንዳትመጣ፣ ማስጠንቀቂያውን አንደግምም ብላለች። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ጤፉን አልሰማሁም። «አንደግምም» የሚለው ቃል ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ። ከእንግዲህ የሚናገረው መድፍ ነው ማለት አይደል? መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም ጠብ አለ። እሱንም ምልክት ነው ብዬ ተረጎምኩት። የፈራ ሰው ምን የማይተረጉመው ነገር አለ!

በዚያው መሐል ስልኬ ጮኸ። ረዲ ናት፣ ቀኗ ነው።

«እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ለገና ምን—»

«ገናውን ተዪው! ሰምተሻል?»

«ምኑን?»

«ጦርነት ሊጀመር ነው! ያለሽበት ሰፈር ነው የሚመታው! ሰው አልነገረሽም?»

ትንሽ ሳቀች። ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ። «እማዬ እዚህ ምንም የለም እኮ። ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ይገባል። ማዳም ትናንት መጋረጃ ቀይራለች።»

«በ70ም ሰው ገበያ ይሄድ ነበር!» ጮህኩባት። ከጎኔ ያለው የጫማ ሱቅ ባለቤት ብቅ ብሎ አየኝ። «በ70ም እናቴ ትእዛዝ ጠብቂ ተብላ ጠብቃ ነው ወንድሜን የቀበረችው! አሁኑኑ ከዚያ ቤት ውጪ!»

«ወጥቼ የት ልሂድ?»

ይህንን አስቤበት ነበር፤ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ከባሕሬን ወደ ሳውዲ ባሕሩ ላይ የተሠራ ድልድይ አለ። ራሷ ረዲ ናት ያወራችልኝ፤ ባለፈው ዓመት ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ይዘዋት ተሻግረዋል። «በድልድዩ ተሻገሪ» አልኳት። «ማዶ ስትደርሺ ትደውይልኛለሽ።»

«እማዬ፣ ድልድዩ ላይ ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው።»

«የሚሸሽን ሰው ማን ፓስፖርት ይጠይቃል? እንደ ሰው ለምኚያቸው!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሳስበው ፊቴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። እኔ የማውቀው ድንበር ቶጎ ውጫሌ ነው። ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበር ማለት ገመድ ናት። አንዱ ፖሊስ ገመዷ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሰላም ትይዋለሽ፣ ሰላም ይልሻል፣ ትሻገሪያለሽ። ጨርቅ ስገዛ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም፣ አንድ ቀን ወረቀት አሳይቼ አላውቅም። የዓለም ድንበር ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጅግጅጋ ተወልዶ ጅግጅጋ ያረጀ ሰው ድንበር ሲሉት ሌላ ምን ይታየዋል?

ረዲ ማልቀስ ጀመረች። «አሮጊቷስ? ማን ያጎርሳቸዋል? ደሞ ከቤት ጠፋች ብለው ያመለክቱብኛል እማዬ። እዚህ የጠፋች ሠራተኛ ትታሰራለች።»

«መታሰርና መሞት አንድ ነው? በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ ረዲ! ነገ እዚያ ቤት ካረፈድሽ ልጄ አይደለሽም!»

እናት በጡቷ ከያዘች እምቢ አይባልም፤ እንደዚያ ብዬ ነው ያሳደግኳት። በመጨረሻ «እሺ እማዬ» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ቀለለኝ። ልጄን ያተረፍኳት መስሎኝ፣ አምላኬን አመስግኜ የደማውን ሸሚዝ አጠብኩ።

ረቡዕ ጠዋት ደወልኩላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። እየተሻገረች ነው አልኩ። እኩለ ቀን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ማታም ዝግ ነው። ሐሙስ እንደዚያው። አዴር ጌዲ በበርጩማቸው ተቀምጠው፣ «ዛሬ ቢሌ ጁፈይር ገብቷል፤ ነገ እንሰማለን» ሲሉኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አልነገርኳቸውም። እኔ ምላሰኛዋ አንዲት ቃል አጣሁ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። ፊታቸው በርቷል። «አባዮ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ቢሌ በዓይኑ አይቷል። የአሜሪካኖቹ ሚስቶች ልጆቻቸውን በጋሪ እየገፉ መንገድ ለመንገድ ይሄዳሉ። ወንዶቹ በቁምጣ ይሮጣሉ። አንድ ቤት አልተዘጋም። ልጅሽ ትቀመጥ፣ ጦርነት የለም!»

አለቀስኩ። በደስታ መስሏቸው ሳቁ። ሁሉንም ስነግራቸው ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ድልድይ?» አሉኝ። «ያለ ፓስፖርት?»

«ቶጎ ውጫሌን አስቤ...»

«ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ!» አሉ፤ ከአላህ በቀር ኃይል የለም ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ገና መጣ፣ ሄደ። ቤቴን እንኳ አልጠረግሁም። አዴር ጌዲ ወደ ማዳሟ ቤት ደውለው በዓረብኛ አነጋገሯት፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ማዳሟ አልቅሳለች። ማን በደላት፣ ማን መታት፣ ለምን ጥላን ሄደች ትላለች። አሮጊቷ ሦስት ቀን አልበሉም። የማዳሟ ባል በዚያው ቀን ጠፋች ብሎ ለፖሊስ አመልክቷል፤ ሕጉ ነው፣ ባያመለክት እሱ ይጠየቃል። አሁን የት እንዳለች እነሱም አያውቁም።

«የት እንዳለች አያውቁም» የሚል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ ነው እኮ፣ ቁልፍ አይደለም። ከባሕር ገብታ ይሆን? ድልድዩ ላይ ተኩሰውባት ይሆን? ሰው አግኝቷት ወዴት ወስዷት ይሆን? እህል አስጠላኝ። ቢሌ የጠፉ ሠራተኞች የሚጠየቁበት ቦታ ሁሉ እየዞረ ነው ይሉኛል አዴር ጌዲ፤ እሱም የሰው አገር ሰው ነው፣ በር ላይ ይመልሱታል። ሬዲዮውን ግን አልዘጋሁትም። ስለ ልጄ የሚናገር ይመስል ቀንም ማታም ከፍቼ አዳምጣለሁ።

ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን ዜናው ተነገረ። የአሜሪካ መርከብ በሆርሙዝ ተመልሳ ገባች። ኢራን ምንም አላደረገችም። አንዲት ጥይት አልተተኮሰም። ምሳ ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ፓስታቸው ተመለሱ። ዓለም ሁሉ እፎይ ሲል እኔ በዚያ ሁሉ ጦርነት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንደተመታ ገባኝ፤ የተመታችውም በእኔ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ልጆች ዩኒፎርም ሊለኩ ተሰልፈዋል፣ አዴር ጌዲም በር ላይ አሉ።

«እማዬ።»

«ረዲዬ! ረዲዬ ልጄ! የት ነሽ? የት ነሽ የኔ እናት?»

«እስር ቤት ነኝ። ድልድዩ ላይ ያዙኝ። ለእያንዳንዳችን ሦስት ደቂቃ ነው የሰጡን፣ አታልቅሺ፣ ስሚኝ።»

«መቱሽ? ትበያለሽ?»

«ደህና ነኝ። እማዬ ስሚኝ። ጀመረ?»

«ምኑ?»

«ጦርነቱ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ ዜና የለም፣ ምንም አንሰማም። ትናንት በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ሴቶቹ ሁሉ አልጋ ሥር ገቡ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። እናቴ ነግራኛለች፣ የሚመታው ይሄ አገር ነው አልኳቸው። እንቅልፍ የለንም እማዬ። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ዘበኞቹ ቢሸሹ ማን ይከፍትልናል?»

የጨርቁ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ አገር እሳት ቢነሣ ማንም ሮጦ ሊያመልጥ ይችላል። አሮጊቷን እንኳ ደግፈው ያወጧቸዋል። መውጣት የማትችለው ልጄ ብቻ ናት። እዚያ ያስገባኋት ደግሞ ከእሳት ላድናት ብዬ ነው።

«አይጀመርም» አልኳት። «አይጀመርም የኔ ልጅ፣ አትፍሪ። መርከቧም ገባች፣ ምንም አልሆነም። ሰላም ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

ሬዲዮ ልላት ነበር፤ ያን ጊዜም የነገረኝ ሬዲዮ ነው። ቢሌ በዓይኑ አይቷል ልላት ፈለግሁ፤ ቢሌ ያየው ከአንድ ወር በፊት ነው፣ ነገን አላየም። አዴር ጌዲ ከበርጩማቸው ተነሥተው አፌ አፌን ያዩኛል።

«እማዬ? ማን ነገረሽ?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። «ምንም አላውቅም ልጄ። ያን ቀንም ፈርቼ ነው እንጂ ምንም አላውቅም ነበር።»

ሰማችኝ፣ አልሰማችኝ፣ አላውቅም። ሦስቱ ደቂቃ አልቆ ነበር።